ኮማንዶ ጭና በሌሊት የምትገባ መርከብ እየነደፍኩ ነው፤ «ጭልፊት»ን እዩልኝ

ባለእርሳስ

ሰላም ለቤቱ። በምሠራው ሥዕላዊ ልቦለድ ውስጥ አንዲት የጦር መርከብ አለች። ስሟ «ጭልፊት» ነው። ዘመኑ በፈረንጅ 1943 ነው። አገሩ የፈጠራ ነው፤ ደሴት የበዛባት፣ ካዝናዋ የሳሳ አገር። የመርከቧ ሥራ ኮማንዶ ጭኖ ጠላት ወደያዘው ደሴት በሌሊት መግባት፣ የሬዲዮ ጣቢያውን ወይም የነዳጅ ዴፖውን አቃጥሎ ሳይነጋ መውጣት ነው።

የመጀመሪያ ንድፌ ይሄ ነው። ርዝመት 110 ሜትር። ፍጥነት 36 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)። ባለ 120 ሚሊ ሜትር መድፍ 6። ቶርፒዶ (ውኃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) 8። ኮማንዶ 400። ጀልባ 6። የጎን ዕይታዋን ጨርሼ ለጥፌያለሁ። ሹል ናት፣ ዘንጣለች፣ መድፎቿ ያስፈራሉ። ግን ደጋግሜ ሳያት ከአሻንጉሊት መደብር የወጣች ትመስለኛለች። ምኗ ነው ያልጣመው? እንዳትራሩልኝ።

ዝም_ብሎ_አንባቢ

ኧረ ምንም አይጎድላትም፣ ችግሩም እሱ ነው! 6 መድፍ፣ 8 ቶርፒዶ፣ 400 ኮማንዶ። ለወጥ ቤቱ ቦታ ተረፈ?

ሚዛን_ጠባቂ

@ባለእርሳስ እጅህ ጥሩ ነው፣ ሥዕሉ ላይ የምለው የለኝም። የተገለበጠው ቅደም ተከተሉ ነው። መድፎቹን መጀመሪያ ሥለህ ጀልባዎቹን በተረፈው ቦታ ሰካሃቸው። እንዲህ ዓይነት መርከብ ግን የሚነደፈው ከጀልባው ተነስቶ ነው።

ሒሳቡን እንየው። የዚያን ጊዜዋ የአሜሪካኖቹ ማረፊያ ጀልባ፣ ሂጊንስ የሚሏት፣ 11 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። 36 ሰው ትይዛለች። 6 ጀልባ 216 ሰው ነው። ቀሪዎቹ 184 ኮማንዶዎችህ ደክ ላይ፣ ማለትም የመርከቧ ወለል ላይ፣ ቆመው ምን ይሠራሉ? መርከቧ ከዳርቻው 3 ኪሎ ሜትር ርቃ ብትቆም፣ ጀልባዋ በ8 ኖት ለመድረስ 12 ደቂቃ ይፈጅባታል። ከዚያ ማራገፍ፣ መመለስ፣ መጫን፣ እንደገና መሄድ። ሁለተኛው ዙር አሸዋ ሲረግጥ ተኩሱ ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት አልፎታል። ያኔ ጥበቃው ሁሉ ነቅቷል። ስለዚህ 4 ጀልባ፣ 144 ሰው፣ በአንድ ዙር ጨርስ።

አሁን ደግሞ ወደ እውነተኛው ታሪክ። አሜሪካኖች ይህን ያደረጉት አዲስ መርከብ ሠርተው አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ባለ አራት ጭስ ማውጫ ዲስትሮየሮች፣ ፈጣን የጦር መርከቦች፣ ነበሯቸው። በ1930ዎቹ መጨረሻ «ማንሊ» የምትባለውን አንዷን ወሰዱ። ቶርፒዶዎቿን አወለቁ። በእነሱ ቦታ አራት ጀልባ ሰቀሉ። የኋላ ኋላ በዚህ ዓይነት መርከቦች ላይ ለሞተሩ እንፋሎት ከሚያፈሉት ከአራቱ ቦይለር የፊተኞቹ ሁለቱ ከነጭስ ማውጫቸው ተነሱና ቦታው ለወታደር ማደሪያ ሆነ።

እዚህ ጋ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ግማሽ ጉልበት ሲነሳ ፍጥነት በግማሽ አይወርድም። መርከብ ፍጥነት በጨመረች ቁጥር የሚያስፈልጋት ጉልበት ከፍጥነቱ ይልቅ እጅግ ይንራል። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኖቶች የምትገዛው በወርቅ ዋጋ ነው። እነዚያ መርከቦች ከ35 ኖት ወደ 25 ገደማ ወረዱ። ለ10 ኖት ሲሉ ሁለት ሰፋፊ ክፍል አገኙ።

ካዝናዋ የሳሳ አገር ብለሃል አይደል? እንግዲያው ባለ 36 ኖት አዲስ መርከብ ከየት አምጥታ? አሮጌ ታድሳለች እንጂ።

ባለእርሳስ

@ሚዛን_ጠባቂ አሮጌ መርከብ የሚለው በጣም ገብቶኛል። ለታሪኩም ይጣፍጣል። ግን ቶርፒዶዎቿ ተነስተው ጠላት ዲስትሮየር ቢገጥማትስ? ጀግና መርከብ ናት እኮ፣ እንደ ፈሪ ልትሸሽ ነው?

ሚዛን_ጠባቂ

አዎ፣ ትሸሻለች። ወይም ሳትታይ ታመልጣለች። «ሊትል» እና «ግሬጎሪ» የሚባሉ ሁለት እንዲህ ዓይነት መርከቦች ነበሩ። መስከረም 1942 በፈረንጅ፣ ፓሲፊክ ላይ ያለችው ጓዳልካናል ደሴት። ቀን ላይ ኮማንዶዎችን ከሳቮ ደሴት መልሰው ሌሊቱን እዚያው አካባቢ ሲቃኙ አደሩ። ሦስት የጃፓን ዲስትሮየሮች መጡ። የአሜሪካኖቹ የራሳቸው አውሮፕላን ከታች የሚተኩሰው ሰርጓጅ መርከብ መስሎት መብራት ቦምብ ጣለ። ብርሃኑ ሁለቱን መርከቦች አጋለጣቸው። ባለ 102 ሚሊ ሜትር መድፎቻቸው ምንም አልፈየዱም። ሁለቱም ሰመጡ። ሦስተኛዋ እህታቸው «ኮልሁን» ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብላ በአውሮፕላን ተመትታ ሰምጣ ነበር።

ስለዚህ መድፉ ለሌላ ዲስትሮየር አይደለም። ለአውሮፕላን፣ ለጥበቃ ጀልባ፣ ዳርቻ ላይ ላለ መትረየስ ነው። ወደ ላይም ወደ ጎንም የሚተኩስ ባለ 76 ሚሊ ሜትር 3፣ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ኦርሊኮን (ፈጣን ፀረ አውሮፕላን መድፍ) አምስት ስድስት። ይበቃል።

ካርታህንም አብረህ ሥራ። ምድር ወገብ አካባቢ ጨለማው 12 ሰዓት ነው እንበል፣ ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12። ኮማንዶው ዳርቻው ላይ 3 ሰዓት ከፈለገ ለመግባትና ለመውጣት 9 ሰዓት ይቀርሃል። ለመግቢያ 4 ሰዓት ተኩል። በ25 ኖት ይህ ከ110 ኖቲካል ማይል ብዙ አያልፍም፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ18 ኖት ቢሆን 150 ኪሎ ሜትር ብቻ። የጠላት አውሮፕላን ማረፊያ የት እንዳለ ስትወስን ይሄ ቁጥር ታሪኩን ይጽፍልሃል።

ሰርጓጅ

ለምን በሰርጓጅ መርከብ አይገቡም? አትታይም፣ አትሰማም። ፓሲፊክ ላይ ባለችው በማኪን ደሴት አሜሪካኖች ያደረጉት እሱን ነው። «ናውቲለስ» እና «አርጎኖት» ከ200 በላይ ኮማንዶ ጭነው ከሃዋይ እስከዚያ ድረስ ሄደዋል።

የሃድሰን_ሰው

@ሰርጓጅ መግባቱንማ ገቡ። ነሐሴ 1942 በፈረንጅ። ችግሩ መውጣቱ ላይ ነበር። ከሰርጓጅ መርከብ የምታወጣው ጀልባ የላስቲክ ነው፣ ሌላ አይገባማ። ሞተሮቹ ውኃ እየገባባቸው ጠፉ። ማዕበሉ ዳርቻው ላይ እየተሰበረ ጀልባዎቹን መልሶ ይገለብጣቸው ነበር። ሰዎቹ በመቅዘፊያ ታግለው ብዙዎቹ ሌሊቱን ሳይወጡ ቀሩ። በመጨረሻ መርከቦቹ ሲሄዱ ዘጠኝ ሰው ደሴቱ ላይ ቀርቷል። ጃፓኖች ማርከው ክዋጃሌን የምትባል ሌላ ደሴት ላይ ገደሏቸው።

ለልቦለድ ግሩም ምዕራፍ ይወጣዋል፣ አልክድም። ግን @ባለእርሳስ የጠየቀው ሌላ መርከብ ነው።

ሌላም ልጨምር። እኔ የምኖረው ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ ነው። አልባኒ ላይ «ስሌተር» የምትባል የሁለተኛው ጦርነት አጃቢ መርከብ ሙዚየም ሆና ቆማለች። 93 ሜትር ገደማ ናት፣ ከአንተዋ ብዙም አታንስም። ከእሷ ጋር የሚቀራረቡ አጃቢ መርከቦች በኋላ ለኮማንዶና ለጠላቂ ዋናተኞች ማመላለሻነት ተለውጠዋል፤ 162 ሰው፣ 4 ጀልባ፣ ፊት ላይ አንድ ባለ 127 ሚሊ ሜትር መድፍ። ሄጄ ያየሁት ነገር አንድ ነው፤ ጥበቱ። አልጋዎቹ በብረት ቱቦ ላይ የተወጠረ ሸራ ናቸው። አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቧል። ተኝተህ ብትገላበጥ ትከሻህ የላይኛውን ሰው ጀርባ ይነካል። መተላለፊያው ላይ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ በጎን ይዞራል። አሁን እዚያ ላይ ጠመንጃ፣ ጥይት፣ ፈንጂ የያዘ ቦርሳ አሸክመህ በጨለማ 144 ሰው አስወጣ። በአንድ መሰላል ከሆነ አለቀልህ። ከማደሪያው ወደ ደክ ቢያንስ ሁለት ሰፋ ያሉ መውጫዎች ሣል፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ።

ወደብ_ናፋቂ

[ይህ አስተያየት በአወያዩ ተነስቷል]

አወያይ

ስለ ወደብ ክርክር የፖለቲካ ክፍሉ ክፍት ነው፣ እዚያ እንደልባችሁ። እዚህ ስለ መርከቧ ብቻ።

መልሕቅ

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። እኔ በንጉሡ ጊዜ ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ያገለገልኩ ሰው ነኝ። «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከባችን ላይ። እሷም መጀመሪያ የአሜሪካ ነበረች፣ ስሟ «ኦርካ»። የተሠራችው የባሕር አውሮፕላኖችን እንድታገለግል ነው። ለእኛ የመጣችው በፈረንጅ 1962 ነው። ፍጥነቷ 18 ኖት ገደማ ነበር፣ ለዚህ ለጭልፊት ሥራ ዘገምተኛ ናት። ግን ጀልባ ማውረድ ምን እንደሆነ ያወቅኩት እሷ ላይ ነው።

ልጄ ባለእርሳስ፣ ሥዕልህን አየሁት። ጀልባዎቹ ደክ ላይ ተቀምጠዋል፤ እንዴት እንደሚወርዱ ግን አይታይም። ጀልባ የሚወርደው በዴቪት ነው። ከመርከቧ ጎን ወደ ውጭ የሚዘረጋ ጥንድ የብረት ክንድ ነው። አንዱ የጀልባዋን ፊት፣ አንዱ ኋላዋን ይይዛል። ሁለቱ ገመዶች እኩል መለቀቅ አለባቸው። አንዱ ከቀደመ ጀልባዋ ትዘቀዘቅና ውስጧ ያለው ሁሉ ባሕር ይገባል። ጀልባዋ ውኃ ስትነካ መጀመሪያ የሚፈታው የኋላው መንጠቆ ነው። የፊቱን ከፈታህ መርከቧ ወደፊት እየሄደች ስለሆነ ጀልባዋ ትዞርና ትገለበጣለች። ከአፍንጫዋ ወደ ፊት የሚሄድ ረጅም ገመድም አለ፣ እሱ ነው ከመርከቧ ጎን አስተካክሎ የሚይዛት። ይህንን ሁሉ በጨለማ፣ ያለ ፋኖስ፣ መርከቧ እየተንከባለለች አስበው።

ስለዚህ ዴቪቶቹን ትልልቅ አድርገህ ሣላቸው። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት እነሱ ላይ ይሁን። በዚያ ላይ ማደሪያው ውስጥ አየር ማስገቢያ አላየሁም። የቀይ ባሕርን ሐምሌ የቀመሰ ሰው ይህንን አይረሳም። ብረቱ ቀን ሙሉ ሲጋል ይውልና ሌሊት ውስጡ ያለውን ሰው ይቀቅለዋል። ደክ ላይ አፋቸው ወደ ነፋስ የዞረ የአየር ቱቦዎች ጨምር።

ባለእርሳስ

ጋሽ መልሕቅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎን የመሰለ ሰው እዚህ ክር ላይ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። አንድ ልጠይቅዎ፣ ኮማንዶዎቹ ጀልባዋ ላይ የሚሳፈሩት ከላይ ተሰቅላ እያለች ነው ወይስ ውኃ ላይ ከወረደች በኋላ?

መልሕቅ

ሁለቱም ይደረግ ነበር። እንግሊዞች ኮማንዶአቸውን ከላይ፣ ከደኩ ጎን አሳፍረው አብረው ያወርዱት ነበር። ጸጥ ያለ ነው፣ ፈጣንም ነው። ግን ክንዱና ገመዱ የሞላ ጀልባ መሸከም አለበት። አሜሪካኖች ባዶዋን አውርደው ሰውየው በገመድ መረብ ላይ እየተንጠለጠለ እንዲወርድ ያደርጉ ነበር። ክንዱ ቀለል ይላል። ሰውየው ግን ይቸገራል። ጀልባዋ በማዕበል ከፍ ዝቅ ትላለች፤ ከፍ ስትል ካልዘለልክ ዝቅ ስትል እግርህ አየር ላይ ይቀራል። አንተ የትኛውን እንደምትመርጥ የሥዕሉ ጉዳይ ነው።

ሚዛን_ጠባቂ

ጋሽ መልሕቅ ክብደት ካነሱ እኔም ልግባበት። የዚያን ጊዜዋ ባለ ተዘርጊ በር ጀልባ ባዶዋን 8 ቶን ገደማ ናት። አራት ጀልባ 32 ቶን። ይህ ሁሉ ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ኮማንዶው ከነትጥቁ 110 ኪሎ ቢመዝን 144 ሰው 16 ቶን አይሞላም። ያነሳሃቸው ቦይለሮች ግን ከባድ ነበሩ፣ የተቀመጡትም ከታች ከሆዷ ውስጥ ነበር። ከታች ከባዱን አውጥተህ ከላይ ጫንክ። መርከቧ ራሷ ከብዷት ትንከባለላለች። ቶርፒዶዎቹን ማውለቅህ ትንሽ ያቀልላታል፣ በቂ ግን አይደለም። ከታች ማደላደያ ክብደት ያስፈልጋታል። ሥዕል ላይ አይታይም ትል ይሆናል። ይታያል፤ የውኃው መስመር የት ላይ እንደሚያርፍ ይወስናል። ያንተዋ አሁን እንደ ቡሽ ተንሳፋለች። ትንሽ ጠልቃ ትቀመጥ።

ስለ ማሳፈሩም፣ እኔ የእንግሊዞቹን እመርጥ ነበር። ግን አሮጌ መርከብ ላይ ለዚያ የሚበቃ ዴቪት ማሰር ቀላል አይደለም። መረብ ይሁን።

ቀይ_ቀለም

ሠዓሊ ነኝ፣ የመርከብ እውቀቴ ብዙ አይደለም፣ ግን አሻንጉሊት የምትመስልበት ምክንያት ለእኔ ግልጽ ነው። ሰው የለባትም። ልኬት የሚሰጠው ሰው ነው። በሮቿ ምን ያህል እንደሚረዝሙ ዓይኔ የሚለካበት ነገር አጣ።

እንዲህ አድርግ። እንደ እነዚያ አሮጌ ዲስትሮየሮች 96 ሜትር ገደማ ከሆነች በ1 ለ250 ሣላት። 384 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፣ ኤ3 ወረቀት ላይ ትገባለች። በ1 ለ200 ብትሞክር 480 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ኤ3ን ታልፋለች። በ1 ለ250 ሰው 7 ሚሊ ሜትር ነው። የደኩ አጥር 4 ሚሊ ሜትር። ጀልባ 44 ሚሊ ሜትር። ወረቀት ቆርጠሽ... ይቅርታ፣ ቆርጠህ፣ ሁልጊዜ ከሴቶች ጋር ስለማወራ ነው... አንድ የ7 ሚሊ ሜትር ሰው አብጅና በየቦታው አቁመው። በር ውስጥ፣ መድፍ ጀርባ፣ ጀልባ ሥር። የማይገባበት ቦታ ሁሉ ስህተት ያለበት ቦታ ነው።

በኮምፒውተር የሚሥሉት ሺፕባኬት የሚባል የተለመደ ልኬት አላቸው፣ ሁለት ፒክስል አንድ ጫማ። እሱም ጥሩ ነው፣ ከሌሎች ሰዎች መርከብ ጎን አስቀምጠህ ታወዳድራለህ።

ሌላው ጭስ ማውጫዎቹ። ሁለቱ የፊተኞቹ ተነስተዋል ከተባለ ቦታቸው ይታይ። ጠባሳ ይኑራት። ከድልድዩ (መርከቧ ከምትመራበት ክፍል) ኋላ ባዶ የሆነ ረጅም ደክ፣ በላዩ አዲስ የተበየደ ላሜራ፣ ቀለሙ ከአሮጌው ጋር በትክክል የማይገጥም። ያቺ ባዶነት ራሷ መልኳ ናት። አዲስ ቆንጆ መርከብ ማንም ይሥላል።

የሃድሰን_ሰው

@ቀይ_ቀለም ስለ ጭስ ማውጫ ያልሽው ትክክል ነው። «ካምፕቤልታውን»ን ታውቂያት ይሆናል። የእነዚሁ የአሜሪካኖቹ አሮጌ ዲስትሮየሮች እህት ናት። አሜሪካ በ1940 ሃምሳውን ለእንግሊዝ ስትሰጥ አብራ ሄደች። እንግሊዞች ፈረንሳይ ውስጥ የሴንት ናዜርን ግዙፍ የመርከብ መጠገኛ ሊሰብሩባት ፈለጉ። አራቱን ጭስ ማውጫ ሁለት አደረጉ። የቀሩትን ሁለቱን አናታቸውን በሰያፍ ቆረጡ፣ የጀርመን ቶርፒዶ ጀልባ እንድትመስል። ወንዙ አሸዋ የበዛበት ስለሆነ ቀለል እንድትል ብዙ ነገር አወለቁላት። ድልድዩ ዙሪያ የብረት ሰሌዳ አቆሙ። ፊቷ ውስጥ 4 ቶን ተኩል የሚሆን ፈንጂ ሸሸጉ። መጋቢት 28 ቀን 1942 በፈረንጅ ሌሊት የመጠገኛውን በር በአፍንጫዋ ገጨችው። ፈንጂው የፈነዳው ቀን ላይ ነው፣ ጀርመኖች ተሰብስበው ሲያዩዋት።

አብረዋት የሄዱት ኮማንዶ የጫኑ ትንንሽ ጀልባዎች ግን ከእንጨት የተሠሩ ነበሩ። ተጨማሪ ቤንዚን ደካቸው ላይ ጭነው ነበር። አብዛኞቹ ወንዙ ላይ ተቃጠሉ። @ባለእርሳስ ጀልባህ ላይ ነዳጅ የት እንደምታስቀምጥ አስብበት።

ሰርጓጅ

እሺ ሰርጓጁን ተውኩት። ግን ዴቪት ዴቪት ትላላችሁ፣ ጃፓኖችን የሚያነሳ ጠፋ። በ1944 የሠሯቸው ፈጣን ማመላለሻ መርከቦች ኋላቸው ተዳፋት ነው፣ እስከ ውኃው ድረስ የወረደ። ጀልባዎቹ ደክ ላይ በሐዲድ ተደርድረው በኋላ በኩል እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። መርከቧ ሳትቆም! 22 ኖት ይሮጣሉ። አካላቸው ቶሎ እንዲሠራ ተብሎ በጠፍጣፋ ብረት ነው የተበየደው፣ ክብ ነገር አይወዱም። ጋሽ መልሕቅ የነገሩን የገመድ ጣጣ ሁሉ ቀረ ማለት ነው።

ሚዛን_ጠባቂ

@ሰርጓጅ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። እኔ ራሴ ከሁሉም የምወደው ንድፍ እሱ ነው። ግን አዲስ መርከብ ይጠይቃል። የአሮጌ ዲስትሮየር ኋላ ሹል ነው። ከሥሩ መሪውና ሁለቱ ፕሮፔለሮች አሉ። ያንን ቆርጠህ ተዳፋት ልሥራ ካልክ መርከቧን እንደገና ሠራሃት ማለት ነው። ደግሞም መውረዱ ቀላል ነው እንጂ መልሶ መሳቡ ላይ ያው ነው፤ በማዕበል ጀልባን ወደ ተዳፋቱ ጎትተህ ማውጣት ሌላ ፈተና ነው። ወደ ደሴቱ ዕቃ አራግፎ ለሚመለስ መርከብ ይመቻል። ሰዎቹን ይዞ መመለስ ላለበት ግን እጠራጠራለሁ።

ባለእርሳስ

መመለሱን ካነሳችሁ አይቀር፣ እኔ ሲመለሱ ስንት ሰው እንደሚሆኑ ጭራሽ አላሰብኩም። ሲሄዱ 144፣ ሲመለሱ ያነሰ ይሆናል ብዬ ነው።

የሃድሰን_ሰው

ሊበዛም ይችላል። ሎፎተንን እይ። መጋቢት 1941 በፈረንጅ፣ ኖርዌይ። «ኩዊን ኤማ» እና «ፕሪንሰስ ቢያትሪክስ» የተባሉ ሁለት የሆላንድ ሰው ማመላለሻ መርከቦች ተለውጠው ኮማንዶ ጫኑ። 500 ሰው ገደማ ወረደ፣ የዓሣ ዘይት ፋብሪካዎቹን አቃጠለ። ሲመለሱ ከ200 በላይ ምርኮኛና ከእንግሊዝ ጋር ሊሰለፉ የፈለጉ ከ300 በላይ ኖርዌጃውያን ይዘው ነው። የሄደው ሰው በእጥፍ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ጭልፊት ላይ ምርኮኛ የሚታሰርበት ክፍል አለ? ቁስለኛ የሚታከምበትስ? በቃሬዛ ላይ ያለ ሰው መረብ አይወጣም። እሱን በምን ታነሳዋለህ?

መልሕቅ

ከጀልባዋ ጋር ነዋ። ቁስለኛው ካለበት ጀልባ ጋር በዴቪቱ ይሳባል። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ጥንድ ክንድ ጠንካራ ይሁን፣ ሰው ያለባትን ጀልባ የሚያነሳ። ሌሎቹ ባዶ ብቻ ያንሱ። ሁሉንም አንድ ዓይነት አታድርጋቸው።

ዝም_ብሎ_አንባቢ

አንድ ጥንድ ብቻ ከሆነና እሱ ቢመታስ? «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል የአገሬ ሰው።

መልሕቅ

ዝም ብሎ አንባቢ ዛሬ ተናገረ! ልክ ነህ ልጄ። በግራም በቀኝም አንድ አንድ ይሁን። ለዚያውም የቆሰለ ሰው የሚወጣው ከዳርቻው ተኩስ በተሸሸገው ጎን ነው። የትኛው ጎን እንደሚሆን ደግሞ አስቀድሞ አይታወቅም።

ባለእርሳስ

በሉ፣ ሁለተኛውን ንድፍ ለጥፌያለሁ። ጭልፊት አሁን ይህች ናት።

የአንደኛው ጦርነት ዲስትሮየር፣ 96 ሜትር፣ አገሪቱ በእርዳታ ያገኘቻት። የፊት ሁለት ጭስ ማውጫዎች ተነስተዋል፤ ጠባሳቸው ይታያል። ፍጥነት 25 ኖት። 144 ኮማንዶ፣ በሁለት መውጫ። ጀልባ 4፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት። የኋለኞቹ ጥንድ ዴቪቶች ወፍራም፣ የፊተኞቹ ቀጭን። ባለ 76 ሚሊ ሜትር መድፍ 3፣ አንዱ ፊት፣ ሁለቱ ኋላ። ኦርሊኮን 5። ቶርፒዶ የለም። መኮንኖች ምግብ የሚበሉበት ክፍል ሲያስፈልግ ሐኪም ቤት ይሆናል፣ ጠረጴዛው ላይ ቀዶ ጥገና ይሠራል። ምርኮኛ ፊት ባለው የገመድ መጋዘን። የውኃውን መስመር ዝቅ አድርጌያለሁ።

ቀለሙን አረንጓዴ አደረግኩት። በፓሲፊክ ላይ እነዚያን መርከቦች አረንጓዴ ቀብተው ከደሴቱ ጫካ ጋር እንዲመሳሰሉ ያደርጓቸው እንደነበር አነበብኩ። ማሪኖቹ፣ የአሜሪካ ባሕር እግረኞች፣ «አረንጓዴ ድራጎኖች» ይሏቸው ነበር።

ሌላው ለእኔ የከበደኝ ነገር፣ አሁን ቆንጆ አይደለችም። ጀልባዎቹ ወገቧን ሸፈኑት።

ቀይ_ቀለም

አሁን ነው ያማረችው! የመጀመሪያዋን አይቼ ወዲያው ረስቻታለሁ። ይህቺን ግን በጥላዋ ብቻ አውቃታለሁ። ፊቷ ባዶ፣ ወገቧ ወፍራም፣ ኋላዋ ሁለት ጭስ ማውጫ። አንባቢህ በሌሊት ትዕይንት ላይ የሚያየው ጥላዋን ብቻ ስለሆነ በጥላ መታወቅ አለባት።

አንድ ብቻ። አረንጓዴውን አንድ ወጥ አታድርገው። የውኃው መስመር አካባቢ ጨው ይነጨዋል፣ ከመልሕቁ ቀዳዳ ሥር ዝገት ይወርዳል፣ ጀልባዎቹ በሚታሹበት ጎን ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ይታያል። እዚያ ላይ ብሩሽህን አድርቀህ ተጠቀም።

ሚዛን_ጠባቂ

ከእኔ በኩል አልፋለች። ከኋላ ሁለት መድፍ ማድረግህን ወድጄዋለሁ። የምትሸሽ መርከብ የምትተኩሰው ወደ ኋላ ነው። የፊተኛው ኦርሊኮን ግን ጀልባዋ ዴቪቱ ላይ ስትሆን ወደ ጎን መተኮስ አይችልም፣ ጀልባዋ ትጋርደዋለች። አንድ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥራለት።

መልሕቅ

መረቡን አየሁት። ጫፉ ልክ ውኃው ላይ ያበቃል። መርከቧ ወደ ሌላው ጎን ስታዘነብል ጫፉ ሁለት ሜትር አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ከጀልባዋ ሊወጣ የዘረጋ ሰው እጁ አይደርስም። ውኃ ውስጥ ጠልቆ ይግባ። ዝቅተኛው ዘንግም ከባድ እንጨት ይታሰርበት፣ ካልሆነ ማዕበሉ ጠቅልሎ ወደ ላይ ያነሳዋል።

ባለእርሳስ

እሺ ጋሼ፣ መረቡን አስረዝማለሁ፣ እንጨቱንም እጨምራለሁ። የኦርሊኮኑ መደብም ተመዝግቧል። የላይ ዕይታዋን ከጨረስኩ በኋላ እዚሁ እለጥፋለሁ፤ ጀልባዎቹ ወደ ውጭ ተዘርግተው እያሉ ነው የምሥላት። @ሚዛን_ጠባቂ፣ ክንዶቹ ከመርከቧ ጎን ምን ያህል ወጣ ይበሉ?

ሚዛን_ጠባቂ

የጀልባዋ ወርድ 3 ሜትር ከምናምን ነው። ሙሉ በሙሉ ከጎኗ ውጭ እንድትሆንና መርከቧ ስትንከባለል እንዳትመታት ትንሽ ክፍተት ስጣት። በ1 ለ250 የጀልባዋ ወርድ 13 ሚሊ ሜትር፣ ክፍተቱ 2 ሚሊ ሜትር። በዚያ ጀምር።